ቴኖሩ ሲደግም፣ ሶፕራኖዋ ስትጠፋ

ቪየና፣ ኤፕሪል 16 ቀን 2016። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አለዚያ ሒሳቡ ያደክመናል።) በከተማዋ መንግሥታዊ ኦፔራ ቤት የፑቺኒ «ቶስካ» እየታየ ነው። ሦስተኛው ገቢር ላይ ተደርሷል። ሠዓሊው ካቫራዶሲ እስረኛ ሆኖ ሮም በሚገኘው ምሽግ ሰገነት ላይ ቆሟል። ሊነጋጋ ነው። አንድ ሰዓት ብቻ ቀርቶታል፤ ከዚያ ይረሸናል። ለሚወዳት ሴት ለቶስካ ደብዳቤ መጻፍ ይጀምራል፣ ግን ትዝታው ያሸንፈዋል። ከዋክብቱ የበሩበትን፣ እሷ የአትክልቱን በር ከፍታ የገባችበትን ሌሊት እያስታወሰ ይዘፍናል። ሕይወትን እንደዛሬ ወድጃት አላውቅም ብሎ ይጨርሳል።

የሚዘፍነው ጀርመናዊው ቴኖር (ከፍተኛ የወንድ ድምፅ ያለው ዘፋኝ) ዮናስ ካውፍማን ነው። የሙኒክ ልጅ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ቪየና የራሷ አደረገችው። ጭብጨባው አልቆም አለ። ቢጠበቅ፣ ቢጠበቅ ያው ነው። በመጨረሻ እጅ ሰጡና ዘፈኑ ከክላርኔቱ መግቢያ ጀምሮ ተደገመ።

እስከዚህ ድረስ የድል ወሬ ነው። በታሪኩ መሠረት ግን ቀጥላ ቶስካ እየሮጠች መግባት አለባት። ኦርኬስትራው የመግቢያዋን ሙዚቃ ተጫወተ። ማንም አልገባም። ቶስካን የምትጫወተው ሩማኒያዊቷ አንጄላ ጌዮርጊዩ ነበረች፤ መድረኩ ላይ ግን የለችም። ካውፍማን ምን ያድርግ? በዚያው በጣልያንኛ «ሶፕራኖ የለንም!» ብሎ ዘፈነው፤ ሶፕራኖ ማለት ከፍተኛ ድምፅ ያላት ሴት ዘፋኝ ናት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ትንሽ ቆይታ መጣች፣ ታሪኩ ቀጠለ፣ ካቫራዶሲም እንደ ወጉ ተረሸነ።

ዘግይታ ነው ወይስ አኩርፋ? ያኔ ብዙ ተወራ። ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2024፣ ሴኡል ላይ ግን ለግምት የሚሆን ቦታ አልነበረም። ያው ቶስካ፣ ያው ሦስተኛ ገቢር፣ ያው ዘፈን፣ ያቺው ሶፕራኖ። የተለየው ቴኖሩ ብቻ ነው፤ ኮሪያዊው ኪም ጄ ህዩንግ። ታዳሚው አጨበጨበ፣ ኪም መድገም ጀመረ። ጌዮርጊዩ በዚህ መሀል ራሷ መድረክ ላይ ወጣች። እጇን እያወናጨፈች፣ ይህ ትርኢት እንጂ የአንድ ሰው ኮንሰርት አይደለም፣ አክብሩኝ አለች። መጨረሻ ላይ እጅ ለመንሳት ስትወጣ ታዳሚው ጮኸባት። የኦፔራ ቡድኑም ይቅርታ ትጠይቅ አለ።

ከዚያ ወዲህ የኦፔራ ወዳጆች ለሁለት ተከፍለዋል። አንዱ ወገን ታዳሚው ከፍሎ ገብቷል፣ ያስደሰተውን ይደገምልኝ የማለት መብት አለው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ሰው ሊረሸን ሲል ቢስ ብሎ ነገር የለም ባይ ነው። «ቢስ» ላቲን ነው፤ «ሁለቴ» ማለት ነው። በእኛው «ይደገም!» መሆኑ ነው።

«ይደገም!» ለእኛ እንግዳ ጩኸት አይደለም። ሰርግ ላይ እንላለን፣ ኮንሰርት ላይ እንላለን። አዝማሪ ቤት ደግሞ በቃል ብቻ አይቀርም፤ ብር ግንባር ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ እንደ ሐበሻ ሳስበው የመጀመሪያ ስሜቴ ግልጽ ነበር። ሰው ወደደው፣ ይድገምለት! ምን ችግር አለው? ትንሽ ሰንበት ብዬ ሳየው ግን አዝማሪ ቤትና ቶስካ አንድ እንዳልሆኑ ገባኝ። አዝማሪው የሚያቋርጠው ታሪክ የለውም። የእሱ ጥበብ ራሱ ከታዳሚው ጋር የሚደረገው መቀባበል ነው፤ ግጥም ስትሰጠው ይቀበልሃል፣ ስትሸልመው ያሞግስሃል። ቶስካ ግን የሚሮጥ ሰዓት ነው። ፑቺኒ ከዘፈኑ ቀጥሎ ሙዚቃው ሳያቋርጥ ወደ ሴቲቱ መግቢያ እንዲሄድ አድርጎ ነው የጻፈው። አንድ ሰዓት ብቻ የቀረው ሰው የመጨረሻ ቃሉን ተናግሮ፣ ቆይ አንዴ ልድገመው ሲል፣ ሰዓቱ ቆመ ማለት ነው።

ከመጋረጃው ጀርባ ያለችውንም አስቡ። በሁለተኛው ገቢር ሰው ገድላ፣ ራሷም ትልቁን የብቻ ዘፈኗን ዘፍና ወጥታለች። አሁን ትንፋሿን ሰብስባ፣ ነጻ ወጣን ብላ ሮጣ ለመግባት ተዘጋጅታ ቆማለች። በዚያች ደቂቃ ሦስት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ዘፈን እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ቅናት አለበት ብትሉ አልከራከርም። ግን ቅናት ብቻ አይደለም።

ወደ ክርክሩ ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። ለምን ቴኖር? ለምን እንዲህ የሚያሳብደው ይህ ድምፅ ሆነ?

አብዛኛው ወንድ በተፈጥሮው ድምፁ መካከለኛ ነው። ቴኖር የወንድ ከፍተኛው ድምፅ ነው፤ ያም ድምፅ ሙሉ፣ ከደረት የሚወጣ፣ የማይቀጥን እንዲሆን ይፈለጋል። የመጨረሻው ዝነኛ ከፍታ ከፍተኛው «ዶ» ነው። እዚያ ላይ የዘፋኙ የድምፅ ገመዶች በሰከንድ 523 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። ማይክ የለም። ከፊቱ ስልሳ ሰባ ሰው ያለበት ኦርኬስትራ አለ። ይህ ሁሉ እያለ የኋላው ረድፍ ድረስ ይሰማል። እንዴት? ሚስጥሩ ጩኸት አይደለም። የኦርኬስትራ ጉልበት በብዛት የሚከማቸው 500 ኸርዝ (በሰከንድ 500 ንዝረት) አካባቢ ነው፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። የሠለጠነ የኦፔራ ዘፋኝ ጉሮሮውን እንደ ክፍል አስተካክሎ 3000 ኸርዝ አካባቢ ላይ ተጨማሪ ጉልበት ይፈጥራል። እዚያ ኦርኬስትራው ደካማ ነው፤ የእኛ ጆሮ ደግሞ ንቁ ነው። በሌላ አነጋገር ዘፋኙ ከኦርኬስትራው ጋር አይጋፋም። ማንም ባልያዘው መንገድ ነው የሚያልፈው። ይህን ነገር በደንብ ያጠኑት ስዊድናዊው የድምፅ ተመራማሪ ዮሃን ሱንድበርግ ናቸው።

ይህ ድምፅ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እስከ 1830ዎቹ ድረስ ቴኖሮች ከፍተኛውን ኖታ በቀጭን፣ በለስላሳ ድምፅ ነበር የሚያወጡት። ከዚያ ጊልቤር ዱፕሬ የሚባል ፈረንሳዊ ጣልያን አገር ሠልጥኖ፣ እዚያ ስም አውጥቶ ተመለሰ። በ1837 ፓሪስ ላይ ያንን «ዶ» ከደረቱ አወጣው። ከተማው ተደበላለቀ። የዘፈኑ ደራሲ ሮሲኒ ራሱ አልወደደውም፤ ሲታረድ የሚጮህ የዶሮ ድምፅ ነው ብሎ ቀለደበት። ታዳሚው ግን ፈረደ።

ያ ፍርድ ሰው አስከፍሏል። እስከዚያ ቀን የፓሪስ ኦፔራ ንጉሥ አዶልፍ ኑሪ ነበር። ዱፕሬ መቀጠሩን ሲሰማ ቦታውን ለቀቀ። አዲሱን አዘፋፈን ልማር ብሎ ወደ ጣልያን ሄደ። ኔፕልስ ያኔ የራሷ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። እዚያ ዘፈነ፣ አጨበጨቡለት። እሱ ግን ጭብጨባውን ማመን አቃተው፤ ድምፁ እንደሄደ ተሰማው። በማርች 1839 እዚያው ኔፕልስ ራሱን ከፎቅ ወርውሮ ሞተ። በባዕድ ከተማ ድል አድርጎ የተመለሰውና በባዕድ ከተማ የቀረው የአንድ ዘመን፣ የአንድ ኦፔራ ቤት ሰዎች ናቸው። ስለ ቴኖሮች ድል ባነበብኩ ቁጥር ኑሪ ትዝ ይለኛል።

ካውፍማንም ቢሆን ከብረት የተሠራ አይደለም። ወጣት ሳለ አንዲት ትንሽ የጀርመን ከተማ መድረክ ላይ ድምፁ ጠፍቶበት፣ አዘፋፈኑን ከሥር መሠረቱ እንደገና ተምሯል። ከቪየናው ምሽት ወራት በኋላ ደግሞ በድምፅ ገመዱ ላይ የደም ሥር ፈንድቶበት ለወራት ዝም አለ፤ የተመለሰው በጃንዋሪ 2017 ፓሪስ ላይ ነው። ሁለቱን ነገሮች አላያይዝም። ግን «ይደገም!» ስንል ምን እየጠየቅን እንደሆነ ብናውቀው አይከፋም።

ቪየና ላይ ይህ ነገር ለምን ይበዛል ለሚለው መልሱ ከድምፅ ይልቅ አሠራር ውስጥ ነው። ብዙ አገር አንድ ኦፔራ ተዘጋጅቶ፣ ለጥቂት ሳምንታት ታይቶ ይነሳል። ቪየና እንደዚያ አይደለም። ከሴፕቴምበር እስከ ጁን በየምሽቱ ማለት ይቻላል ትርኢት አለ፤ ዛሬ አንድ ኦፔራ፣ ነገ ሌላ። የድሮ ዝግጅቶች ከመጋዘን እየወጡ ይታያሉ። ካውፍማን የዘፈነበት የቶስካ ዝግጅት በ1958 የተሠራ ነው። ከ600 ጊዜ በላይ ታይቷል። እስቲ አስቡት፤ መድረኩን፣ አልባሳቱን፣ ሰውየው የት እንደሚወድቅ ሳይቀር ታዳሚው በቃሉ ያውቀዋል። ታዲያ ምን ሊያይ ይመጣል? ዛሬ ማን እንደሚዘፍን! ያንን ዘፈን ከዚህ በፊት ከሃያ ሰው የሰሙ ሰዎች አሉ። በርካሽ ቲኬት ከኋላ ቆመው የሚያዩ አሉ፤ እነዚህ ለሰዓታት ተሰልፈው የገቡ፣ ለማንም የማይራሩ ዳኞች ናቸው። በእንዲህ ያለ ከተማ ዘፋኝ ወይ ይነግሣል ወይ ይዋረዳል። መሀል ላይ መቆም ይከብዳል።

ቪየና በመድገም ጉዳይ ሕግ ማውጣትም የጀመረችው ዛሬ አይደለም። በ1786 የሞዛርት «የፊጋሮ ጋብቻ» ሲታይ ታዳሚው ብዙውን ክፍል ይደገም አለ። ምሽቱ አላልቅ አለ። ዳግማዊ ዮሴፍ ንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ አወጣ፤ ከአንድ በላይ ሰው የሚዘፍነው ክፍል ከእንግዲህ አይደገምም። የአንድ ሰው ዘፈን ግን አልተከለከለም። ስድስት ዓመት ሳይሞላ ወንድሙ ሊዮፖልድ ዙፋኑ ላይ ነበር። በ1792 የቺማሮዛን «ምስጢራዊው ጋብቻ» አየና በጣም ወደደው። ዘፋኞቹን እራት አብልቶ፣ ኦፔራውን በሙሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዚያው ምሽት አስደገመ። አንዱ ንጉሥ ይከለክላል፣ ወንድሙ ሙሉውን ያስደግማል። እኛ ስለ ሦስት ደቂቃ እንጨቃጨቃለን።

ክልከላውን እንደ ሃይማኖት የያዘው ጣልያናዊው የኦርኬስትራ መሪ ቶስካኒኒ ነው። ለእሱ ኦፔራ አንድ ሙሉ ሥራ ነው፤ እየተቆረጠ የሚሸጥ ነገር አይደለም። ሚላን ላይ ላ ስካላ ኦፔራ ቤት ውስጥ መድገም ነውር ሆነ። በ1933 ሩሲያዊው ዘፋኝ ሻሊያፒን ደገመ፣ ከዚያ 74 ዓመት ብቻውን ዘፍኖ የደገመ የለም።

ዝምታውን የሰበረው ሁዋን ዲዬጎ ፍሎሬስ ነው። የሊማ ልጅ፣ ፔሩያዊ። አባቱ የአገሩን ባህላዊ ዘፈን ይዘፍን ነበር፤ እሱም በወጣትነቱ እናቱ በምታስተዳድረው መጠጥ ቤት ጊታር ይዞ ዘፍኗል። በ23 ዓመቱ ላ ስካላ ደረሰ። በፌብሩዋሪ 2007 እዚያው ላ ስካላ የዶኒዜቲን «የሬጅመንቱ ልጅ» ሲዘፍን ዘጠኝ ከፍተኛ «ዶ» ያለበትን ዘፈን ጨረሰ። ቤቱ ተናወጠ፣ ደገመው። ዘጠኝ ሲደመር ዘጠኝ። በ2008 ኒው ዮርክ ላይ ያንኑ አደረገ። ያ ግን ድንገተኛ ብቻ አልነበረም፤ አስተዳደሩ ቀድሞ ተዘጋጅቶበት ነበር። በ2012 ደግሞ ኦፔራው በ1840 መጀመሪያ በታየባት በፓሪስ ደገመው። ኋላ ሜክሲኳዊው ሃቪዬር ካማሬናም ተከተለ፤ በ2019 ኒው ዮርክ ላይ ያንን ዘፈን እየደጋገመ በየሲኒማ ቤቱ በቀጥታ ለሚያዩት ሰዎችም ሳይቀር አቀረበው። ነውር የነበረው ነገር ቀስ በቀስ ማስታወቂያ ሆነ። አሁንማ ሰው ወደ አንዳንድ ትርኢት ሲሄድ ዛሬም ይደግም ይሆን እያለ ነው የሚገባው። ካልደገመ ደግሞ የተጎደለበት ይመስለዋል።

እዚህ ጋ ነው የእኔ ልዩነት። የፍሎሬስን መድገምና የሴኡሉን መድገም አንድ ላይ አስቀምጦ መፍረድ ስህተት ነው። «የሬጅመንቱ ልጅ» ቀልድ ነው። ልጁ ቶኒዮ ወታደር ሆኖ ተቀጥሯል፤ የሚወዳትንም ላገኛት ነው ብሎ በደስታ ሰክሯል። የደስ ደስ የሚዘፍን ሰው ሁለቴ ቢዘፍን ታሪኩ ምኑ ይጎዳል? እንዲያውም ያምርበታል። ዶኒዜቲ ያንን ዘፈን የጻፈውም ለጭብጨባ ነው፤ መጨረሻው ላይ እንደ ርችት ነው የሚፈነዳው። ካቫራዶሲ ግን ሊሞት ነው። ፑቺኒ ዘፈኑን የጨረሰው በእንባ ነው፤ ርችት የለበትም። ስለዚህ በሐሳቡ ከጌዮርጊዩ ጋር ነኝ። በአኳኋኗ ግን አይደለሁም። ታሪኩ ተቋረጠ ብላ የተቆጣች ሰው ራሷ መሀል ገብታ ስታቋርጠው፣ ለቶስካ ከዘፈኑ መደገም የባሰ ነው የሆነው። ደግሞስ ኪም በገዛ አገሩ ዋና ከተማ፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት ነበር የቆመው።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን የሚያሳፍረኝን ነገር ልናገር። የቪየናውን ቅጂ በስልኬ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። አቋሜን ጆሮዬ አይከተለውም።

መቼስ ስለ ቴኖር ተነስቶ የእኛን ጉዳይ መዝለል አይቻልም። በዓለም ላይ በብዛት ከሚታዩት ኦፔራዎች አንዱ «አይዳ» ነው። አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ግብፅ ውስጥ ምርኮኛ ሆናለች። ቴኖሩ ራዳሜስ ደግሞ የግብፅ ጦር አዛዥ ነው፤ እኛን አሸንፎ የሚመለስ። ቬርዲ የጻፈው የግብፁ ገዢ ኸዲቭ እስማኤል ባቀረበው ጥያቄ ሲሆን፣ መጀመሪያ የታየው ካይሮ ላይ ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ነው። መድረክ ላይ ቴኖሩ በመለከት ታጅቦ፣ ኢትዮጵያውያንን አስሮ ገባ። የኸዲቩ እውነተኛ ጦር በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ደግሞ ጉራ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ጋር ሲገናኝ የሆነውን ግን ሁላችንም እናውቃለን። መለከትም አልነበረ፣ ቴኖርም አልነበረ። ለነገሩ አይዳም ላይ ቢሆን ቴኖሩ ብዙ አይደሰትም፤ መጨረሻው ከነሕይወቱ መቀበር ነው።

ወደ ቪየና ልመለስና ልጨርስ። በ1991 ፕላሲዶ ዶሚንጎ እዚያው ኦፔራ ቤት «ኦቴሎ»ን ዘፈነ። ማድሪድ ተወልዶ ሜክሲኮ ያደገ ሰው ነው፤ ወላጆቹ የሙዚቃ ቴአትር ቡድን ነበራቸው። የዚያን ምሽት ጭብጨባ 80 ደቂቃ ቆየ። የኦፔራውን ግማሽ ይበልጣል። ማንም አልተቆጣም፣ ማንም መድረክ ላይ ወጥቶ አክብሩኝ አላለም። የኦቴሎ ሚስት ዴዝዴሞና ሞታለች፣ ኦቴሎም ራሱን ገድሏል፣ መጋረጃው ወርዷል። የሚቋረጥ ታሪክ አልቀረም። ዶሚንጎም የደገመው ዘፈን የለም። የደገመው ወጥቶ ጎንበስ ማለቱን ነው፤ 101 ጊዜ።